ቢጫው ቅጠልና የእኔ ጉርሻ

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ለካንሰሩ ኬሞ ከጀመረ ወዲህ ምግብ ሲሸተው ፊቱን ያዞር ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ «ካናቢስ ለአንዳንድ ሰው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ሞክረው» ሲለው እኔ አጠገቡ ክው አልኩ። በስመ አብ! እኛ ቤት ሐሺሽ?

ጋሼ ድሮ አገር ቤት የእርሻ ባለሙያ ነበር። እዚህ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ እጁ አፈር ናፍቆት ነው የኖረው። «የሚሸጥበት ሱቅ ሞልቷል፣ ልግዛልህ» ስለው «ሕጉ እስከፈቀደ ራሴ አበቅለዋለሁ» አለና ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ በተከራየነው ቤት ጓሮ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ተከለው።

ያ በጋ እንዴት ይናፍቀኛል! ጠዋት ጠዋት ፒጃማውን እንደለበሰ ወጥቶ ቅጠሉን እያገላበጠ ያናግረዋል። ሽታው አጥር ተሻግሮ አከራያችን እትዬ «ልጄ፣ ምን ሞቶባችሁ ነው?» ብለው ሲጠይቁ እኔ በሀፍረት ልሞት፣ እሱ በሳቅ። ለዚያ ሳቅ ስል ሽታውን ቻልኩት።

አበባው ተንዠርግጎ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከታች ያሉት ሰፋፊ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ተክልህ ሊሞት ነው!»

«አይሞትም። ቅጠሉ ያጠራቀመውን ናይትሮጅን ለአበባው እየሰጠ ነው። ከእንግዲህ ማዳበሪያ አይፈልግም፣ ውሃ ብቻ። ቢጫው ከላይ ከጀመረ ንገሪኝ። ከታች ከጀመረ ግን ጊዜው ደርሶ ነውና ተይው።»

ተይው! ለእኔ ተይው ይባላል? በዚያው ሳምንት እኮ እሱ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። እኔ የሚከሳ ነገር አይቼ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ከእናታችን ቤት ጀምሮ የማውቀው መድኃኒት ማጉረስ ነው። እናም ከሰዓት በኋላ ሲተኛ ጠብቄ ከጸደይ የተረፈውን ማዳበሪያ በውሃ በጥብጬ አፈሰስኩለት። በሦስተኛው ቀን ደገምኩት። አላስችል ብሎኝ ከምሠራበት ምግብ ቤት የቡና አተላ አምጥቼ አፈሩ ውስጥ ቀበርኩ።

መጀመሪያ አረንጓዴው ደመቀ፣ እኔም ኮራሁ። ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉ ጠቆረ፣ ጫፉ እንደ አሞራ ጥፍር ወደ ታች ታጠፈ፣ አበባውም መጠጠር አቃተው። ጋሼ አጎንብሶ አፈሩን ጫር ሲያደርግ የቡናው አተላ ወጣ። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ! እኔ አልበቃ ብዬሽ ተክሉንም አጎረስሽው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እህል ያስበላዋል ብለን የጠበቅነውን መድኃኒት በገዛ እጄ ላበላሸው! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ግን ሆዱን ይዞ፣ ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፈሩን በውሃ ብቻ እያጠበ ጠበቀው። ቅጠሉ ቀስ እያለ እንደገና ቢጫ ሆነ፣ አበባውም ዘግይቶም ቢሆን ጠጠረ። ቆርጦ አደረቀውና ከቅቤ ጋር አነጠረው። መጀመሪያ የቀመሰ ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ቆየና ወደ ኩሽና ጮኸ።

«ሽሮ አለ?»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሁለት ወር ያህል ሕመሙ ጋብ ብሎለት እየጠየቀ በላ፣ እኔም እየዘፈንኩ ሠራሁ።

ክረምት ሲገባ በሽታው ተመለሰ። ቅቤውም አልረዳው አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍርፍር ጠቅለል አድርጌ «በሞቴ» እያልኩ ወደ አፉ አስጠጋሁ። ፊቱን አላዞረም። እጄን ያዘኝና ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ የእኔም ከታች ነው የጀመረው» አለኝ። «ውሃ ብቻ።»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለስኩና ውሃ አመጣሁለት።