ለእራቱ ያልጠራሁት ሰው

የመነሻ ትዕዛዙ የደረሰን ከምሳ በኋላ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንንቀሳቀሳለን፤ ሌሊቱን ተጉዘን ኮረብታው ሥር እንደርሳለን፤ ጎህ ሲቀድ እናጠቃለን። የጋንታችን መሪ ዳምጠው ይህን ሲነግረን ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የማይረባ ነገር አትሸከሙ» ብሎን ሄደ።

ይህን ያወራሁት ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ ነው። እሑድ ነበር። የምሳ ሰው ወጥቶ ስላለቀ ከሠራተኞቼ ጋር አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። አስተናጋጃችን ኛማል ጋምቤላ ያደገች የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት። ስልኳ ላይ ያየችውን ጥያቄ አመጣችልን፤ ከሞቱትም በሕይወት ካሉትም መርጣችሁ እራት ብትጋብዙ ማንን ትጠራላችሁ? ወጥ ሠሪዋ እናቷን አለች። ኛማል አንዲት ዘፋኝና አንድ ኳስ ተጫዋች መረጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?» አለችኝ።

እኔ የጋንታዬን ሰዎች መረጥኩ። ከኤርትራ ጋር ስላደረግነው የድንበር ጦርነት ብዙም አላወራም፤ ያን ቀን ግን አፌ ተፈታ። ዳምጠውን ከላይ አስቀምጠዋለሁ አልኩ። ከእሱ ቀጥሎ መትረየስ ተኳሹን ለገሠን። ለገሠ ኮቾሮ የምንለውን የወታደር ደረቅ ብስኩት እየቆረጠመ «ከዚህ ብወጣ ዱለት ሳልጠግብ አልሞትም» ይል ነበር፤ ስለዚህ ዱለት ይሠራል። ሦስተኛው የሬዲዮ ሰው ኡስማን ነው፤ የሚስቱን ድምፅ እያስመሰለ ያስቀን ነበር።

«ምን ሆኑ?» አለች ኛማል።

ነገርኳት። ጎህ ሲቀድ መድፋችን ተኮሰ። ከዚያ ዝም አለ። ወጣን። ተዳፋቱ ጠጠር ነው፤ እግር አይይዝም። ከላይ ተኩስ ተከፈተብን። ለገሠ መሬት ላይ ተኝቶ መልስ ሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ መትረየሱ ዝም አለ። ኡስማን ሬዲዮውን እንዳዘለ ወደቀ። ምሽጉ ውስጥ የገባነው ፀሐይ ስትሞቅ ነው። ዳምጠው ሆዱን ተመቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሲመሽ ኮረብታውን ልቀቁ ተባልን።

ከጎኔ ተኽለ ተቀምጦ ነበር። ተኽለ ኤርትራዊ ነው፤ ውኃ በቦቴ የሚያመጣልን እሱ ነው። እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ይበላል። እንዲህ ስንኖር ዓመታት አልፈዋል። እኔ ሳወራ እጁን ከትሪው ሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ስጨርስ ፈገግ ብሎ «እኔስ? እጅ እንኳ ላስታጥብ አታስገባኝም?» አለ።

ለቀልድ ነው። ቀላል ነበር መልሱ። እኔ ግን ገና ኮረብታው ላይ ነበርኩ።

«አንተ ስትገባ እነሱ ከማዕዱ ተነሥተው የሚወጡ ይመስለኛል» አልኩት።

ተኽለ ተነሥቶ እጁን ታጠበ። «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ወጣ። ኛማል ትሪውን አነሣች፤ ፊቴን ግን አላየችም።

በማግስቱ ውኃው እንደ ወትሮው በጠዋት መጣ። ያመጣው ግን ሌላ ሾፌር ነው። ተኽለ ውኃውን ቢያስቀርብን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የምቆጣበት ነገር አገኝ ነበር። በርሜሎቹ ሲሞሉ ዳር ቆሜ ሾፌሩን ስለ ተኽለ ለመጠየቅ እንኳ አፈርኩ። የሚቀጥለው እሑድ የተኽለ ወንበር ባዶ ሆነ። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ጉምቦ ሰፈር፣ ቤቱ ሄድኩ።

ቦቴው ሥር ተኝቶ የሆነ ነገር ያጠብቃል። ጎንበስ ብዬ ጠራሁት። ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ያን ቀን ያልኩት… ጓደኞቼን ሳስብ ነው» አልኩ።

«እነሱ ምንም አላሉም» አለኝ። «ያልከው አንተ ነህ።»

ፕላስቲክ ወንበር አቀረበልኝ። ተቀመጥኩ። ዱሮ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩት።

«እዚያ ሰው ነበረህ?»

«ታናሽ ወንድሜ። የማነ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

የማነ ልብስ ሰፊ ነበር አለኝ። ለብሔራዊ አገልግሎት ሲወስዱት አንድ የሙሽራ ሱሪ ጀምሮ ሳይጨርስ ነው የሄደው። የት እንደ ወደቀ ተኽለ አያውቅም። የእኛ ኮረብታ ይሁን ሌላ፣ የነገረው የለም። እኔም በዚያ ጠዋት ምሽጉ ውስጥ ያየኋቸውን የኤርትራ ወታደሮች ፊቶች ላስታውስ ሞከርኩ። አንድም ፊት አልመጣልኝም። ያኔ ወድቀው ያየኋቸውን የረገጥኳቸው በቦት ጫማዬ ብቻ አልነበረም፤ እስከዚያ እሑድ ድረስ ሰው ብዬ አስቤያቸው አላውቅም።

«እሑድ ና» አልኩት ስነሣ።

«እመጣለሁ» አለ። «መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።»

እስካሁን አልመጣም። ውኃው ይመጣል።

እናንተ ያን ዘመን ያልደረሳችሁበት ልጆች ስለዚያ ጦርነት ስትጠይቁኝ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ከጋንታችን አሥራ ሰባት ሰው እዚያ ቀርቷል፤ የሁሉንም ስም፣ የብዙዎቹንም የአባት ስም እነግራችኋለሁ። ከዚያኛው ወገን ስንት እንደ ሞተ አላውቅም። የማውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሱንም የሰማሁት ወንድሙን በቃሌ ካዋረድኩት በኋላ ነው።