እግሩን ያላሳየን ዳኜ

ዛሬ ጠዋት የቸርቻችን ግሩፕ ላይ «ዳኜ አረፈ» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ ያደረግኩት ሌላ ዳኜ መፈለግ ነው። ከምናውቃቸው ሰዎች መሃል አንድ ሌላ ዳኜ ቢገኝ ብዬ። የለም። እኔ የማውቀው አንድ ዳኜ ብቻ ነው።

ሚስቱ ጋ ደወልኩ። ብዙ አልቅሳ ስታበቃ «እግሩ ነው» አለችኝ።

ለቅሶ ላይ የሚባለውን አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ አልችልም። ተናድጃለሁ።

ለማታውቁት፣ ዳኜ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ የሻትል ሹፌር ነበር። አትላንታ ከመምጣቱ በፊት ኮሎራዶ ውስጥ ስኖውቦርድ፣ ማለት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ቦርድ፣ የሚያከራይ ሱቅ ለዓመታት ሠርቷል። ፓይን ሌክ ያለው የቤቱ ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ በረዶ በማይጥልበት ሰፈር ቦርድና ቡት ሞልቶበት ነው የኖረው። በየጃንዋሪው የቸርቹን ሰው ሰብስቦ በባስ ኖርዝ ካሮላይና በረዷማ ተራራ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው።

ለጉዞው ቦርድና ቡት ልትወስዱ ጋራዡ በር ላይ ስትደርሱ ሰላም ከማለቱ በፊት «እግርህን አሳየኝ» ይላል። ለሁሉም ነው። ባሱን ሊባርኩ ብቻ የመጡትን ሽማግሌ ፓስተር እንኳን «እግርዎን ያሳዩኝ» ብሎ ጫማ አስወልቋቸዋል።

እኔ ነርስ ስለሆንኩ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። የመጀመሪያው ዓመት ለልጄ ለሄራን ቦርድና ቡት ኦንላይን ገዝቼ፣ ኮራ ብዬ ይዤለት ሄድኩ። ቦርዱ ግንባሯ ድረስ ይመጣል፣ ቡቱ በሁለት ቁጥር ይበልጣታል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሄራን። ታድግበታለች።»

«ሲስተር፣ የምንሄደው ቅዳሜ ነው። እስከ ቅዳሜ ታድጋለች?»

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ተረከዟን ግድግዳ አስደግፎ ለካት። ክብደቷን ጠየቀኝ። «ቦርድ በቁመት ብቻ አይመረጥም። ቀላል ልጅ ረጅም ቦርድ ላይ ካወጣሻት እሷ ሳትሆን ቦርዱ ነው የሚነዳው። ቡቱ ሰፍቷት ሉዝ ከሆነ ደግሞ ተረከዟ ውስጡ እየተነሳ ሊፍት ያደርጋል። ጣቷ ጫፉን ነካ ማድረግ አለበት፣ ግን መታጠፍ የለበትም።» ከዚያ የገዛሁትን ቡት ቦርዱ ላይ አስቀምጦ አሳየኝ። «አየሽ? ከጠርዙ ይሄን ያህል ከወጣ፣ ስትዞር በረዶው ይይዛትና በፊቷ ትደፋለች።»

አገጯ ድረስ የሚመጣ አጭር ቦርድ ከልኳ ቡት ጋር አውጥቶ ሰጣት። አልብሷት ሲያበቃ «የሚያምሽ ቦታ ካለ እዚህ ንገሪኝ» አላት። «ተራራው ላይ ከነገርሽኝ ምንም ላደርግልሽ አልችልም። ፕሮሚስ?» ቃል አስገባት።

ባለፈው ጃንዋሪ ተራራው ላይ ሲያነክስ አየሁት። ምን ሆነህ ነው ስለው «ቡቱ ታይት ሆኖብኝ ነው» አለኝ።

እስቲ አስቡት። የስንቱን እግር ለክቶ ያለበሰ ሰው የራሱ ቡት ጠበበው? ውሸት መሆኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር። «አውልቀው፣ ልየው» አልኩት። «ሲስተር፣ ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነሽ አይደል? ኦፍ ሁኚ» አለኝና ሳቅኩ። ባሱ ሊነሳ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች እግር አገላብጬ የማይ ሰው፣ የእሱን ሳላይ ባሱ ውስጥ ገባሁ።

ቡቱ አልጠበበውም። እግሩ ነው ያበጠው። ስኳር ነበረበት፣ እግሩ ስር ቁስል ወጥቶ ነበር። ሕመሙ ከታወቀ ሹፌርነቱን እንዳያጣ ፈርቶ ለሚስቱም አልነገራትም። ካልሲ አድርጎ ሲተኛ «በርዶኝ ነው» ይላት ነበር። ሆስፒታል ሲገባ ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ተኝቶም «ለማንም እንዳትነግሪ» አላት፣ አልተናገረችም። ይሄን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። «ጻፊው፣ ሰው ያንብበው» አለችኝ።

ስለዚህ «በድንገት ተለየን» የምትሉ፣ ተዉ። ወራት የፈጀ ነገር ድንገት አይባልም። «ሳያማርር ኖረ» የምትሉም ተዉ። ቢያማርር ኖሮ ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ነበር። «ጌታ ወደደው» የምትሉት ደግሞ፣ እኛ የደበቅነውን ጌታ ላይ አታላክኩ። በሽታን እንደ ነውር የምንሸፋፍነው እኛ ነን። ስኳር ያለባችሁ አሁኑኑ ካልሲያችሁን አውልቁና የእግራችሁን ስር እዩ። ማየት ካቃታችሁ ለሰው አሳዩ። ማንም ከሌላችሁ እኔ ጋ ኑ፣ ቤቴ አቮንዴል ነው፣ አያለሁ።

ሄራን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ነገርኳት። «ማሚ፣ አንቺ ነርስ አይደለሽ? አላየሽለትም?» አለችኝ።

ዳኜ፣ አልታረቅኩህም። ልጄን «እዚህ ንገሪኝ» ብለህ ቃል ስታስገባት አጠገብህ ቆሜ ነበር። አንተስ ለምን እዚህ አልነገርከኝም? ጋራዥህ ውስጥ ስንት ቀን አብረን ቆመናል። ሁላችንንም ጫማ አስወልቀህ፣ የራስህን ደብቀህ ሄድክ። ኦፍ ሁኚ አልከኝ፣ ሆንኩልህ። ለዚህ ለራሴም ይቅርታ አላደርግም።

ደህና ሁን ወንድሜ። አሁን እንኳን ያንን ቡት አውልቀው።