ምላጩን ያደናቀፈው ነገር

ሴትዮዋ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሥጋ ስትቆርጥ ኖራለች። እንዲህ ሲባል ያስደነግጣል እንጂ ሥራዋ ወግ ያለው ነው። ከበሽተኛ የተወሰደ ናሙና ሰም ውስጥ ይረጋል፤ እሷ በማሽን ምላጭ ከሽንኩርት ልጣጭ በቀጠነ ልክ ትቆርጠዋለች፤ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ልማዱ ሦስት ቁራጭ ነው። የቀረው ሰም መሳቢያ ይገባል።

አንድ ቀን የአንድ ልብስ ሰፊ ናሙና መጣ፤ ከቆሽቱ የተወሰደ። ሰውየው የሰፈሯ ሰው ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እንኳ "ቆሽቴን ያሳረሩት ደንበኞቼ ናቸው፤ ዛሬ ተለክተው ለትናንት የሚፈልጉ!" እያለ ሰፈሩን ያስቅ ነበር። ሦስተኛውን ስትቆርጥ ምላጩን አንድ ነገር አደናቀፈው። ጠጠር ያለ ነገር፣ ከሥር። እጇ ጠለቅ በይ አላት። እሷ ግን ማየት የሐኪም፣ መቁረጥ የኔ ብላ መሳቢያውን ዘጋች።

ሐኪሙ "የቆሽት ብግነት ነው" አለ፤ ሰውነት የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚዘምትበት፣ ካንሰር የሚመስል ግን ያልሆነ። ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ታዘዘለት። በሁለት ሳምንት ቢጫው ለቀቀው፣ እብጠቱም ጎደለ። ሁሉም እሰይ አለ። እሷ ብቻ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ፀጉሯን ስታበጥር፣ ያ ጠጠር እጇ ላይ ይመጣባታል። የሰውየውን ሳቅ ከሩቅ ስትሰማ መንገድ ትቀይራለች። ድኗል፣ ምን ሆንሽ ትላለች ለራሷ፤ አልለቀቃትም።

በአምስተኛው ወር ቢጫው ተመለሰ። ሐኪሙ ራሱ ምድር ቤት ወርዶ "ያንን ሰም እስቲ ጠለቅ አድርገሽ ቁረጪልኝ" አላት። ስድስተኛው ቁራጭ ላይ ካንሰሩ ተገኘ፤ ብግነቱን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቦ።

"እንዲህ ዓይነቱ ብርቅ ነው፤ ማንንም ያታልላል" አለ ሐኪሙ። ለቀዶ ሕክምና ግን ረፍዷል። እሷን ማንም አልወቀሳትም፤ የባሰውም እሱ ነው።

ልብስ ሰፊው ውጤቱን ሰምቶ ሲወርድ ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። የምትሸሽበት አልነበራትም።

"ጋሼ፣ ያኔ ናሙናዎን ስቆርጥ እጄ አውቆ ነበር። ዝም አልኩ።"

የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። ቢጫ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም።

"እንግዲያው አሁንም ዝም በይ" አላት። "ለባለቤቴ እንዳትነግሪያት። አምስት ወር ሙሉ፣ ናሙናውን የቆረጠች እጅ ትባረክ ስትል ነው የከረመችው።"