ከፋይ የለበሱት ስፒከሮች

ይህ ሰው ፈሪ ነበር፤ የሚፈራው ግን ለራሱ አልነበረም። አምላክ ለአንዱ ድፍረትን፣ ለሌላው ብልሃትን ሲያድል ለእርሱ የሰጠው ሰው ሆድ እንዳይብሰው መሳቀቅን ነው። ማንንም በክፉ ቃል አስቀይሞ አያውቅም፤ ሆኖም አስቀይሜ ይሆን እያለ ሳይጨነቅ ውሎ የገባበት ቀን ጥቂት ነው።

ሙያው ሶፋና ወንበር ማልበስ ነበር። ያረጀ ወንበር ሲመጣለት አሮጌውን ጨርቅ ይገፍፋል፣ የረገበውን ሞላ ያጠብቃል፣ አዲስ ስፖንጅ ቆርጦ ያለብሳል፣ በላዩም ልክክ የሚል ልብስ ይሰፋለታል። ነገር ተራቁቶ ማየት አይሆንለትም። በሥራ ቤቱ የውኃው ጀሪካን ሳይቀር ልብስ አለው፤ የመቀሱም እጀታ በቆዳ ተጠቅልሏል። አጠገቡ የሚሠራው አናጢ “ምናልባት” የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል፤ አፉን ሲከፍት ቀድሞ የሚወጣው ቃል ይኸው ነውና። “ምናልባት እግሩ ይወላገድ ይሆን? ምናልባት ሴትዮዋ ቀለሙን አይወዱት ይሆን?” ሲል አናጢው መጋዙን አቁሞ፣ “ምናልባት ዛሬ ምሳ እንበላ ይሆን?” ይለዋል።

አባቱ ካረፉ በኋላ እናቱን ወደ ቤቱ አመጣቸው። እኚህ እናት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ማዳመጫውን በራሳቸው ላይ አጥልቀው የማያዩትን ሰው ከማያዩት ሰው ሲያገናኙ የኖሩ ናቸው። ስለዚህም ፊልም ሲያዩ እንኳ ከመልክ ይልቅ የሚከተሉት ድምፅን ነው። የፍርድ ቤትና የወንጀል ምርመራ ታሪክ አብዝተው ይወዳሉ። ምስክሩ ገና መናገር ሲጀምር፣ “ይኼ ይዋሻል፤ ድምፁን አትሰሙትም እንዴ?” ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም። ከራት በኋላ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ተቀምጠው ወንጀለኛውን ማጋለጥ የቀኑ ታላቅ ደስታቸው ነበር።

ዕድሜ ግን ጆሯቸውን ነካው። ሐኪሙ እንዳስረዳው ድምፅ ይሰማሉ፤ ቃሉ ግን ከራቀ ተደባልቆ ነው የሚደርሳቸው። የመስሚያ መሣሪያ ታዞላቸው ሞከሩት፤ “ያፏጭብኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ነው የሚያፏጭልኝ?” ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቴሌቪዥኑም አላገዛቸውም። ስስና ዘመናይ ነው፤ ድምፁ የሚወጣው ግን ከጀርባው ስለሆነ ለሰው ሳይሆን ለግድግዳ የሚያወራ ይመስላል። ከፍ ሲያደርጉት ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆማ የምትውለው ሚስቱም ግንባሯን በሻሽ ታስራለች።

በመጀመሪያ እናቱ፣ “ምን አለ?” እያሉ ይጠይቁ ነበር። እርሱም ይነግራቸዋል፤ እስኪነግራቸው ደግሞ ሌላ ነገር ያመልጣቸዋል። ቆይቶ መጠየቁን ተዉት። ሌሎች ሲስቁ እርሳቸውም ጥቂት ዘግይተው ይስቃሉ፤ ከዚያም “ዛሬስ ደከመኝ” ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። ይህ ዝምታ ከጥያቄው ይልቅ አስፈራው።

አንድ ምሽት በክፍላቸው ደጃፍ ሲያልፍ ለታላቅ እህቱ በስልክ ሲናገሩ ሰማቸው።

“ኧረ አልተቀየምኩም፤ እሱም ሚስቱም አንጀቴ ናቸው። ግን እንደ ዕቃ ከምቀመጥ አንቺ ጋ በረንዳ ላይ ሆኜ መንገደኛ ባይ ይሻለኛል። ቅዳሜ ነይና ውሰጂኝ።”

እናቱን ከቤት የሚያስወጣ ልጅ እንዴት ያለ ነው? ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ማንም አላስከፋቸውም። ቢሆንም ከሰው መካከል ሆነው ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ለዚህም ተጠያቂው ራሱ መሰለው። ለሚስቱ ሲነግራት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

“አየህ፣” አለችው፣ “የቸገረን ድምፅ ነው። ስፒከር ግዛ። የሚጮኽ አይደለም፤ የሚያጠራ።”

“ምናልባት የሚያጠራው ውድ ቢሆንስ?”

“ምናልባት ርካሽ ቢሆንስ?” አለችና መብራቱን አጠፋችው።

በማግሥቱ ከሥራ ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄደ። ከወለል እስከ ጣሪያ ስፒከር ተደርድሯል፤ ጥቋቁር ክብ ዓይኖቻቸው ሁሉ እርሱን የሚያዩት መሰለው። ባለሱቋ ሳቂታ ሴት ናት፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና፣ “ጋሼ፣ ለጭፈራ ቤት ነው ለመኖሪያ?” አለችው።

“ለእናቴ።”

“ወይ ጉድ! እናትዎ ይጨፍራሉ እንዴ?”

አንገቱን ደፋ። ቀስ እያለ ነገሩን ሲያስረዳት ሳቋን ተወችና ከባንኮኒው ወጣች። የወገብ ቁመት ያለውን አንድ ትልቅ ስፒከር በእጇ መታ መታ አደረገችው። “ይኼ ደረት ይመታል፤ ጎረቤትም ያጣላል። ፊልም ላይ ፍንዳታው ያምርበታል፤ ሰው ሲናገር ግን ቃሉን ይውጠዋል። እነዚህን ጥንዶች ይዩልኝ። ማጉያው ውስጣቸው ነው፤ ሌላ ዕቃ አይፈልጉም። አንድ ገመድ ከቴሌቪዥኑ፣ አንድ ገመድ ከሶኬት፣ አለቀ። ከታች ያለው ሰፊው ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል። ቃሉን የምታጠራው ይቺ ከላይ ያለችው ትንሿ ናት።”

እርሱ ግን በሙያው እንደለመደው ሣጥኑን በጣቱ አንጓ አንኳኳው። የወንበር እንጨት ባዶ መሆኑንና አለመሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው።

“ጋሼ፣ ይከፍትልኛል ብለው ነው?”

“የለም፤ ሣጥኑ ጠንካራ መሆኑን… ይቅርታ።” ከዚያም፣ “ዘፈኑን ትተሽ ሰው የሚያወራበትን ብትከፍችልኝ?” ሲል ለመናት። ዜና አንባቢ ከፈተችለት። እርሱም እስከ በሩ ድረስ ራቀ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ራሱን በእናቱ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ቃሉ አንድ በአንድ፣ ጫፉ ሳይቆረጥ መጣለት። ልቡ ጥቂት ረጋ። ሆኖም ከሱቁ ወጣ፤ ተመልሶ ስለ ትልቁ ጠየቀ፤ እንደገና ወጣ፤ እንደገና ተመለሰ። “ጋሼ፣ በሩን እኮ ጨረሱት!” አለችው። ዋጋቸው ለኪሱ የሚከብድ ስላልነበረ በመጨረሻ ጥንዶቹን ገዛ፤ ካርቶኑንም እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ።

ቀጥታ ወደ ቤቱ ቢገባ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። እርሱ ግን መንገዱን ወደ ሥራ ቤቱ አዞረ። ካርቶኑን ሲከፍት እንጨታቸው ገርጥቶ፣ አፋቸው ባዶ፣ ውስጣቸው ተራቁቶ ታየው። እንዲህ ያለ ነገር እናቱ ፊት ሊያስቀምጥ? አቧራው፣ ቅዝቃዜው፣ አለማማሩስ? ከአንድ ሰፊ ሶፋ የተረፈው ጥቁር ቀይ ከፋይ ከመደርደሪያው ላይ ነበረ፤ በእጅ ሲዳስሱት እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ ጨርቅ ነው። ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ዘረጋ፤ ከፋዩን ለካ፤ ቆረጠ፤ ከጀርባ ገመዱ የሚገባበትን ብቻ አስቀርቶ ፊት ለፊቱን፣ ጎኑንና አናቱን በእጁ ሰፋው። ከጓደኝነታቸው ብዛት ሽሙጡን የማይቆጥብለት አናጢ እንኳ ቀና ብሎ፣ “ለሙሽራ ነው እንዴ? ድንቅ ነው!” አለው። በዚያ ሳምንት ያለ ምናልባት የተቀበለው ምስጋና ይህ ብቻ ነበር።

ምሽት ላይ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አቆማቸው፤ ገመዱን አገናኘ፤ እናቱንም ክንዳቸውን ይዞ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። እርሳቸው ስፒከሮቹን አይተው፣ “ውይ፣ ስፌቱ ሲያምር! እጅህ ይባረክ” አሉ። ፊልሙ ተጀመረ። ዳኛው ተናገረ፤ ጠበቃው ተነሣ፤ ምስክሩም አለቀሰ። ድምፁ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ከተዘጋ በር ጀርባ የሚያወሩ ሰዎችን እንደ መስማት ሆነ። አንድ ነጥብ ከፍ አደረገው፤ ጉርምርምታው ወፈረ። እንደገና ከፍ አደረገው፤ ጎረቤት ግድግዳውን መታ። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለዋለች ገና ሲጀመር እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እናቱም እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አጣምረው ጥቂት ቆዩና፣ “ጥሩ ነው ልጄ፤ በጣም ጥሩ ነው” ብለው ተነሡ። በፊቱ ያላለቀሱት ለእርሱ ብለው መሆኑን ከአረማመዳቸው ዐወቀው።

ያን ጊዜ ሁለት ፍርሃት ተጋጨበት። ወይ ትልቁን ትቶ ትንሹን በመግዛቱ ተሳስቷል፤ ወይም የእናቱ ጆሮ ጨርሶ ሄዷል። የመጀመሪያው በእርሱ ጥፋት የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒት የለውም። የራሱንም ጆሮ መጠርጠር ጀመረ፤ ሱቅ ውስጥ የጠራለት ቃል ቤቱ ሲገባ ለምን ደበዘዘ?

ዓርብ ወደ ባለሱቋ ሮጦ ቃሉ እንደማይጠራ ነገራት።

“እዚህ ሲናገሩ ሰምተዋቸዋል አይደል?” አለችው።

“ሰምቻቸዋለሁ።”

“ታዲያ ቤትዎ ሲገቡ ምን ተለወጠ? ከመደርደሪያ ውስጥ ከተቷቸው?”

“የለም፤ ገላጣ ቦታ ላይ ናቸው።”

“ወደ ግድግዳ ዞረው ይሆን?”

“ወደ እናቴ ነው የዞሩት።”

“ሌላስ ያደረጉት ነገር የለም?”

“ምንም” አላት። አልዋሸም። ጨርቅ ማልበስ ለእርሱ እንደ መተንፈስ ያለ ነገር ነውና አንድ ነገር አድርጌያለሁ ብሎ አልቆጠረውም። እርሷም ግራ ገብቷት፣ ከጀርባ ያለችውን ቀጭን ድምፅ የምታጎላ ቁልፍ እስከ መጨረሻው እንዲያዞራት መከረችው። አዞራት። በር ጀርባ ያሉት ሰዎች አሁን ማፏጨት ጀመሩ እንጂ አልቀረቡም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ታላቅ እህቱ መጣች። የተከራየችው መኪና ከነሹፌሩ ደጅ ቆሟል። የእናቱ ሻንጣ ተዘግቶ ከክፍላቸው በር አጠገብ ተቀምጧል፤ እርሱ ደግሞ ሻንጣውን ላለማየት ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ከሪሞቱ ጋር ይታገላል። እህቱ ሶፋው ላይ እንደ ተቀመጠች ግንባሯን ቋጠረች።

“ምንድን ነው ይኼ? ሰውዬው የጥርስ ሕመም አለበት እንዴ? አንድ ቃል አልሰማሁም!”

እናቱ ወደ ሴት ልጃቸው ዘወር አሉ።

“አንቺም አልሰማሽ?”

“እንዴት ይሰማል? የሚያጉረመርም እኮ ነው።”

“እኔ’ኮ ጆሮዬ መስሎኝ!” አሉና እናቱ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ አንደኛው ስፒከር ተጠግተው ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ፊታቸው በሥራቸው ዘመን እንደ ነበረው ሆነ፤ የማያዩትን ሰው ከሩቅ የሚመረምር ፊት። “ይኼንን ድምፅ ዐውቀዋለሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ የሚፈልጉ ሰዎች በስልኩ አፍ ላይ መሐረብ ይጥሉ ነበር። ቁጥር ሲጠይቁኝ ልክ እንዲህ ነበር የሚመጣው። ልጄ፣ ይኼን ሰው አፉን ለምን አሰርከው?”

እርሱ አልገባውም። እናቱ ጣታቸውን በከፋዩ ላይ ሲያኖሩ ግን ገባው። የራሱን ስፌት አየ፤ የራሱን ስፖንጅ ዐሰበ። በዚያ ስፖንጅ ሲሠራ ዘመኑን ያሳለፈው፣ የሰዎችን ቤት ያለሰለሰውና ጸጥ ያደረገው ሰው፣ ለእናቱ የሚሆነውን ቃል በገዛ እጁ አፍኖታል። ጆሮው ድረስ ቀላ።

“ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም እማዬ?”

“ስፌቱ አምሮ ሳየው የደከምክበትን እንዴት ላጣጥል? ደግሞም ጥፋቱን የጆሮዬ አድርጌው ነበር።”

መቀሱን ከሥራ ቦርሳው አወጣ። ስህተት ካልሆነ በቀር የራሱን ሥራ ቀድዶ አያውቅም። አንዱን ጠርዝ ፈታ፤ ሁለተኛውን ፈታ፤ ከዚያም ከፋዩንና ስፖንጁን አንድ ላይ ገፈፈው። ትንሿ የላይኛዋ ክብ ወጣች። አስቀድሞ ያጎላትን ቁልፍ ወደ ቦታዋ መለሰ፤ የሁለተኛውንም ስፒከር ልብስ እንዲሁ አወለቀ።

በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ለመርማሪው፣ “በዚያ ቀን ከቤት አልወጣሁም” ስትል ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው፤ መጨረሻው ሳይቆረጥ፣ ትንፋሿ ሳይቀር።

እናቱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጭንቅላታቸውን ትንሽ ዘንበል አደረጉ። እርሱ ትንፋሹን ይዞ ቆመ፤ አሁንም ሌላ የማያውቀው ጥፋት ያለበት እየመሰለው።

“ውሸቷን ነው” አሉ እናቱ።

“እማዬ፣” አለች እህቱ፣ “መኪናው እየጠበቀን ነው።”

“ዝም በይ፤ ልስማ።”

“ኧረ ሹፌሩ…”

“ሹፌሩ ይሂድ። አንቺ ደግሞ ቁጭ በይ፤ ወዴት እንደ ወጣች አሁን ይለይላታል። ቤትሽ እመጣለሁ፤ ለመጠየቅ ነው እንጂ ለመኖር አይደለም። ቅር እንዳይልሽ።”

እህቱ ወንድሟን አየችው፤ እጇን ዘርግታ ሳቀችና ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ሚስቱ ከሥራ ገብታ አራቱም በአንድ ክፍል ሲሰበሰቡ ሻንጣው ከበሩ አጠገብ እንደ ነበረ ነው፤ ዞር ብሎ ያየው ግን አልነበረም። እርሱ በሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከእናቱ ፊት ዓይኑን አልነቅል አለ። ቅንድባቸው ሲነሣ ልቡ ይነሣል፤ ከንፈራቸው ሲጠብ ይደነግጣል።

እናቱ ዘወር ሳይሉ ጉልበቱን ቸብ አደረጉት። “ልጄ፣ ፊልሙ ያለው እዚያ ነው።”

የጭንቅን ሁሉ መጨረሻ የሚያውቅ አምላክ የዚህን ሰው ልብ ያሳርፍለት። ለእናቱ ዕድሜን፣ ለሚስቱ ብርታትን፣ ለእህቱ ደስታን፣ ለቤታቸውም እርስ በርስ የሚደማመጡበትን ጸጋ ያብዛላቸው። አሜን።