ድረ ገጻችን የተጠለፈ ዕለት

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የመንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የዓባይ ውሃ ክርክር በጋለበት ሰሞን አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ የመሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ ተለውጦ ጠበቀኝ። የዘርና የማዳበሪያ ማስታወቂያ በነበረበት ቦታ፣ በአንድ ባዕድ አገር ስም፣ “ወንዙን ብትነኩ ወዮላችሁ” የሚል ዛቻ ተለጥፏል።

 ወዲያው ዋናውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔቱ ነቀልኩት።

አለቃዬ በንዴት ጦፈው መጡ። “አንቺ እኮ ታውቂበታለሽ! የእነሱንም ገጽ አጥፊልኝ!” አሉ። የሥራ ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ደም ፈልቶ ነበር።

ሰርጎ ገቦቹ የመጡበትን ዱካ ስከተል ግን የደረስኩት ከውሃው ጋር ምንም ጉዳይ በሌለው በሌላ ሩቅ አገር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም ሳያውቀው ተጠልፎ ኖሯል።

“ብመታ የምመታው ይህን ትምህርት ቤት ነው” አልኳቸው ለአለቃዬ። “ዛቻውን ማን እንደጻፈውም አናውቅም። ሁለቱን አገሮች ማጋጨት የፈለገ ሦስተኛ ወገን ቢሆንስ? አገር ከአገር የሚያጣላ ነገር ከዚህ ቢሮ አይውጣ።”

 “ታዲያ ምን ይሻላል?” አሉ አለቃዬ።

ዱካውን አዲስ አበባ ለሚመለከታቸው ላክን። ትምህርት ቤቱንም አስጠነቀቅን። እኔ የገቡበትን ቀዳዳ ደፍኜ፣ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ቀይሬ፣ ለብቻው ካስቀመጥኩት ቅጂ ገጹን መለስኩት። ከሰዓት በኋላ ገበሬው ስለ ዘሩ እንደ ልማዱ ማንበብ ጀመረ። ከትምህርት ቤቱም የምስጋና መልስ መጣ።

ወሬው ሉማሜ ድረስ ሄዶ ኖሮ፣ እዚያ የሚኖሩት፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩት አባቴ በሳምንቱ በአውቶቡስ መጡ።

“ጦርነት ገጥመሽ ነበር አሉ” አሉኝ፣ ሻይ ቤት እንደተቀመጥን። “ተኮስሽ?”

“አልተኮስኩም፣ አባየ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ በማን ላይ ልተኩስ?”

አባቴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። “እኔ ጠመንጃ ይዤ ይህን ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጅቶብኛል” አሉ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞረው፣ የማያውቋቸውን ሰዎች “ይቺ የእኔ ልጅ ናት፤ አገር ትጠብቃለች” አሏቸው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍሬ “ተዉ አባየ” እል ነበር። ያን ዕለት ግን ቀና ብዬ ሰዎቹን ሰላም አልኳቸው።