በሩ ሥር የተቀመጠው ሰው

መርካቶ ካለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ፌስቡክ ላይ በጻፍኳት አጭር ጽሑፍ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የሽንት ጠረን ነው። አሥራ አራት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አንዱ ብቻ ተነጥሎ በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነበር።

ጎጃም በረንዳ ጆንያ የሚሸከም ጎልማሳ ነው። አፈሳ በነበረ ቀን ከነሸክሙ ታፍሶ መጣ። የአገሩ ልጅ የሆነ እስረኛ፣ "ከሸክላ ሠሪ ወገን ነው፤ ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆረስም" ካለ ወዲህ ማንም አይጠጋውም። ጠያቂም የለው። ከየቤታችን ከሚመጣው ምግብ የክፍሉ ካቦ ጥቂት በፌስታል ቋጥሮ በእግሩ ይገፋለታል። ሌሎቹ በአንድ ሳህን ይበላሉ።

እኔም ከእነሱ ጋር በላሁ።

አስተማሪ መሆኔን ሲያውቁ፣ "እስቲ የሆነ ነገር አጫውተን" አሉኝ። ለዓመታት ያስተማርኩትን አንድ የቆየ ልብ ወለድ በቃሌ እተርክላቸው ጀመር። ብቻውን ወደ አንድ መንደር የመጣ ሰው ታሪክ ነው። ማንም ደጁን አይከፍትለትም፤ ሲታመም ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ ብቻውን ይሞታል። በአምስተኛው ቀን እዚያ ላይ ስደርስ ካቦው ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

"ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው፣ መምህር!"

ከበሩ ሥር ድምፅ መጣ። "ጋሼ፣ ሰውዬው ምን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም አላጠፋም። ከሌላ አገር መምጣቱ ነው።"

"እሺ" አለ።

ወዲያው ምግብ ገባ። ካቦው እንደ ልማዱ ፌስታሉን ቋጥሮ ገፋለት። "ና፣ አብረን እንብላ" ልለው ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። እኔንም እንዳያገሉኝ ፈራሁና እጄን ወደ ሳህኑ ሰደድኩ።

በሩ ሥር የተቀመጠው ሰው ተነሣ። ፌስታሉን በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ሳህናችን አጠገብ በቀስታ አስቀመጠ።

"እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬስ ይቅርብኝ።"

ተመልሶ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እኛ መብላታችንን ቀጠልን።

በማግስቱ ጠዋት ተጠርቶ ወጣ። የት እንደወሰዱት የነገረን የለም።

ከተፈታሁ በኋላ ጎጃም በረንዳ ሄጄ ተሸካሚዎቹን ጠየቅሁ። ቁመቱን፣ መልኩን ነገርኳቸው።

"ስሙ ማነው፣ ጋሼ?" አለኝ አንዱ።

አብሬው ታስሬ ሳለሁ አልጠየቅሁትም ነበር።

አሁንም በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ ተሸካሚዎቹን አያለሁ። ጭነት ያጎበጠው ሰው ግን ፊቱ አይታይም።