ስሙ የተፋቀ ብራና

ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ በላሊበላ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠን፣ የራሳችንን ብራና ከጃፓን ጨረታ ልንገዛ ተጫረትን።

ከአጥቢያችን ዕቃ ቤት ከጠፋ ዓመታት ካለፉት መጽሐፍ የተቆረጠ አንድ ቅጠል ነው። አብረውኝ የነበሩት መሪጌታ ገና እንዳዩት «ይህን ስንጥቅ በተማሪነቴ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ሻጩ ከባዕድ አገር ሰው በቀጥታ ዋጋ ስለማይቀበል፣ በእኛ ፈንታ የሚጫረት ወኪል ይዘን ነበር።

«ወኪሉ ክርስቲያን ነው?» አሉኝ መሪጌታ።

«ድርጅት ነው፣ የኔታ።»

ጨረታው ተዘጋና ቅጠሉ የእኛ ሆነ። ደስታችን ግን ዳተኛው የኢንተርኔት መስመር ትልቁን ፎቶግራፍ ከፍቶ እስኪያሳየን ድረስ ብቻ ቆየ።

መጽሐፉን የሰረቀና የሸጠ የተወገዘ ይሁን የሚለው ግዝት በቀይ ቀለም እንደተጻፈ አለ። የደብራችን ስም ብቻ በምላጭ ተፍቋል።

«ጃፓኑ ግእዝ ያነባል?» አሉ የኔታ።

«አያነብም።»

«እንግዲያው የፋቀው ከእኛው ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ፊደል ያልቆጠረ ችግረኛ ቢሰርቀው ኖሮ ይቅር ባልኩት ነበር። ይህ ግን የደብሩን እንጀራ በልቶ የተማረ፣ ግዝቱን አንብቦ ምላጩን ያነሣ ሰው ነው።

ቅጠሉ ሲደርሰን የኔታ ግዝቱን በዓውደ ምሕረት ያነቡታል። ያም ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከመካከላችን ቆሞ «አሜን» ይላል።

በእናንተም አጥቢያ እንዲህ ያለ አሜን ተሰምቶ እንደሆነ ጻፉልኝ።